ሞካሲን ለምታዘወትሩ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉትን ጫማ ሰፊ ላመስግንላችሁ

እስቲ ዛሬ አንድ ሰው ላመስግን። የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰዎች ይቺን አንብቧት፣ በተለይ ሞካሲን የምታዘወትሩ። ሎፈር የሚባለውን ማለቴ ነው፣ ማሰሪያ የሌለውን፣ ከላይ በምታልፈው ቆዳ ላይ ሳንቲም የምታስገባ ስንጥቅ ያለችውን።

ሲልቨር ስፕሪንግ ትንሽ ሱቅ ያላቸው አንድ ጫማ ሰፊ አሉ። ስማቸው እንዲለጠፍ ስለማይፈልጉ ጋሼ ብዬ ልለፍ። ሁለት ጫማ ይዤላቸው ሄድኩ። አንዱ አጎቴ እዚህ ተማሪ እያለ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የገዛው፣ ሜይን ግዛት ውስጥ የተሠራ፣ ባስ የሚባለው የአሜሪካ ጫማ ኩባንያ ሞካሲን ነው። ሌላው እኔ አምና የገዛሁት የሌላ ኩባንያ ነው፣ ስሙ ይቅር። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። እሱ ነው እንግዲህ ዓመት ሳይሞላው እጥፋቱ ላይ የተሰነጣጠቀው፣ ሶሉም ከፊት በኩል አፉን የከፈተው።

ጋሼ አዲሱን አገላብጠው አዩና መለሱልኝ። «ማስቲሽ ልቀባልህ እችላለሁ፣ ግን ብዙ አይቆይልህም፣ ገንዘብህን አልበላም» አሉኝ። በዚህ ዘመን ሥራ መጥቶለት አልቀበልም የሚል ባለሙያ ስንት አለ?

ከዚያ ቁጭ አድርገው አሳዩኝ። የአዲሱ ቆዳ እንከኑ እንዳይታይ ፊቱ ተፍቆ ከላይ ፕላስቲክ ነገር ተቀብቷል። ሱቅ ውስጥ ያብለጨልጫል፣ ሲታጠፍ ግን ቅቡ ይሰነጠቃል፣ ክሬም ብትቀቡት ደግሞ ወደ ውስጥ አይገባም። ሶሉ ዙሪያ ክር የሚመስለው ጎማው ላይ የታተመ ቅርጽ ነው እንጂ ስፌት አይደለም፣ ሶሉን የያዘው ማጣበቂያ ብቻ ነው። የጣቶቹ ዙሪያ ያለው ስፌትም ለጌጥ ነው። በደንበኛው ሞካሲን ላይ ግን ቆዳው ከእግር ሥር ዞሮ ይመጣና ከላይኛው ቁራጭ ጋር በእጅ ይሰፋል፣ ጫማውን ጫማ የሚያደርገው እሱ ነው። ስለዚህ ስትገዙ የውስጡን ንጣፍ ከተረከዝ በኩል ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ስፌት ካለ አንድ ቀን ሶል ይቀየርለታል። ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ የመጣል ዕቃ ነው፣ የፈለገ ያህል ውድ ይሁን።

ባስ ይህን ጫማ ከኖርዌይ ሞካሲን ቀድቶ ሜይን፣ ዊልተን ውስጥ መሥራት የጀመረው በ1936 (እ.ኤ.አ.) ነው። ለዓመታት የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪ መለያ ሆኖ ኖረ። የዊልተኑ ፋብሪካ በ1998 ተዘጋና ሥራው ወደ ውጭ ሄደ። እኔ ነገሩን ሁሉ በዚህ ላሳብብ ስል ጋሼ አልተስማሙም። ጥሩ ሰፊ በየአገሩ ሞልቷል፣ የተቀነሰበት ቆዳውና ጊዜው ነው ባይ ናቸው። እውነታቸውን ነው መሰለኝ። ደግሞ በእጅ የሚሰፋም ጨርሶ አልጠፋም፣ ሜይን ሉዊስተን ውስጥ ራንኮርት የሚባል ኩባንያ አሁንም ይሰፋል፣ ዋጋው ግን ያስደነግጣል።

የአጎቴን ጫማ አሮጌውን ሶል ነቅለው፣ አዲስ የቆዳ ሶል ሰፍተው፣ ታኮ ቀይረው፣ በጎን የተተረተረውን ስፌት በወስፌና በሰም ክር መልሰው ሰጡኝ። አዲስ ጫማ ከምገዛበት ግማሹን እንኳ አልከፈልኩም። አጎቴ ሲያየው መልስልኝ እንዳይለኝ ፈርቻለሁ፣ ፎቶውንም ያልለጠፍኩት ለዚሁ ነው።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ጋሼ ዘገምተኛ ናቸው፣ ለሠርግ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ውሰዱ። ስልክ ብዙም አያነሱም፣ በአካል መሄድ ይሻላል። የሚቀበሉት ጥሬ ብር ብቻ ነው። አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። ስኒከር ይዛችሁ እንዳትሄዱ ግን፣ አይነኩም።