ሌክሰስ ኤልኤስ 430፦ ጥቂት ስለተነዳ ብቻ ተጨማሪ ዋጋ ይገባዋል?

እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2006 የተመረተው ይህ ባለ 4.3 ሊትርና ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪና ዛሬም ድምፁ እምብዛም አይሰማም፣ ወንበሩም አያደክምም። ሆኖም የኪሎሜትሩ ማነስ ብቻውን ጭማሪ ሊያስከፍል አይገባም፤ ጎማውና የውሃ ቱቦው መኪናው ቆሞም ያረጃሉና። እኔ ባየሁት መኪና የመሪው ቆዳ እንኳ ያልተላላጠ፣ የጎማው ጥርስም ሙሉ ነበር፤ በጎማው ጎን የታተመው 2314 ግን እ.ኤ.አ. በ2014 በ23ኛው ሳምንት መመረቱን ይናገራል። የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው የታይሚንግ ቺንጋ ከተበጠሰ ቫልቩ ከፒስተኑ ጋር ተጋጭቶ ሞተሩ ስለሚበላሽ፣ መቀየሩን የሚያሳይ ሰነድ ካልቀረበልኝ የቅያሪውን ወጪ ከዋጋው አስቀንሳለሁ። ዘይቱ በየዓመቱ መቀየሩን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ካለው ግን፣ ጭማሪውን ሳላንገራግር እከፍላለሁ።