አንድ ዓይነት ጥይት፣ ሁለት ዓይነት ሰደፍ፦ የ11 ወራት ልምዴ

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ የገዛሁት ጠመንጃ ከምላጩ ሥር ያለውን የብረት ማንሻ ወደ ታች ገፍቶ ወደ ላይ በመመለስ ጥይት የሚያጎርስ፣ አሜሪካውያን አዳኞች ከመቶ ዓመት በላይ አጋዘን ሲያድኑበት የኖሩት ዓይነት ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ ስለሆነ ኅዳር ላይ ከብሉ ሪጅ ተራሮች በስተምዕራብ ባለው ጫካ ለአደን እንዲሆነኝ ብዬ ገዛሁት። የሚተኩሰው 30-30 የሚባለውን፣ ዊንቸስተር የተባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ሠሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1895 ለገበያ ያቀረበውን ጥይት ነው። ስለ አሠራሩ ጥራት ብዙ የምለው የለኝም፤ ከ600 በላይ ጥይት ተኩሼበት አንድ ጊዜም አልነከሰብኝም። የምጽፈው ስለ ሰደፉ ነው፤ ምክንያቱም በእነዚህ ወራት ትከሻዬን ያሳመመኝም ያሳረፈኝም የጥይቱ ጉልበት ሳይሆን የሰደፉ ቅርጽ መሆኑን በራሴ አካል ስላረጋገጥሁ ነው።

ጠመንጃው የጥንቱን ቅርጽ ተከትሎ የተሠራ ነው። ሰደፉ ቀጥ ያለ፣ የእጅ መጨበጫ ጉብታ የሌለው ሲሆን፣ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ጫፉ እንደ ማጭድ ወደ ውስጥ በጎበጠ ብረት ተሸፍኗል። ሱቅ ውስጥ ሳየው ውበቱ ማርኮኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ተኩስ መለማመጃው ቦታ ጠረጴዛ ላይ ተደግፌ 20 ጥይት ተኮስሁ፤ ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ ትከሻዬ ላይ ሁለት የተለያዩ የበለዙ ነጥቦች አገኘሁ፤ አንዱ ከትከሻ አጥንቴ አጠገብ፣ ሌላው ወደ ብብቴ ወረድ ብሎ። በመካከላቸው ያለው ቆዳ ምንም አልሆነም።

ልጅ ሳለሁ ጎጃም ውስጥ አጎቴ በምንሽራቸው አስተኩሰውኝ ያውቃሉ። የምንሽር ጥይት ከ30-30 በግልጽ ይበረታል፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ሕመም ጥሎብኝ እንዳለፈ አላስታውስም። አጎቴ «እቀፈው እንጂ አትፍራው፤ ካላቀፍኸው ይመታሃል» ብለውኝ ነበር። እኔም በዚህኛው ጠመንጃ መጀመሪያ የጠረጠርሁት አስተቃቀፌን ነው፤ የምንሽሩ ሰደፍ ሰፊና ጠፍጣፋ እንደነበረ ያስታወስሁት ቆይቶ ነው።

ነገሩን በዓይኔ ለማየት የሰደፉን ብረት ጠመኔ ቀባሁትና ጥቁር ጃኬት ለብሼ አምስት ጥይት ተኮስሁ። ጃኬቱ ላይ የቀሩት ሁለት ነጭ ምልክቶች እያንዳንዳቸው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጡ ነበሩ፤ ቦታቸውም ቀደም ሲል ከበለዘው ቆዳዬ ጋር ገጠመ። የጎበጠው ብረት ትከሻዬን የሚነካው በሁለቱ ቀንዶቹ ብቻ ነበር ማለት ነው። አንድ ዓይነት ግፊት በእጅ መዳፍ ሲያርፍና በሁለት ጣት ጫፍ ሲያርፍ አካል የሚሰማው ነገር ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ለዚህ ቅርጽ ፍትሕ ማድረግ ግን ይገባል፤ የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለምና። እ.ኤ.አ. በ1866 የወጣው የዊንቸስተር ጠመንጃ፣ ይህን የጨረቃ ቅርጽ ይዞ የመጣው፣ 44 ሄንሪ የተባለ ጥይት ይተኩስ ነበር፤ ይህም 13 ግራም ገደማ የሚመዝን እርሳስ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ፍጥነት የሚወረውር ነው። የእኔ 30-30 ደግሞ 9.7 ግራም የሚመዝነውን በሰከንድ 730 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል፤ ስለዚህ የያኔው ምት ከእኔው ይለዝብ ነበር። ከዚህም ሌላ የዚያ ዘመን ተኳሽ የሚተኩሰው ቆሞ፣ ክርኑን ወደ ጎን ከፍ አድርጎ ነበር፤ ሰደፉንም የሚያስገባው ደረቱ አጠገብ ሳይሆን ወጣ አድርጎ፣ ትከሻና ክንድ ከሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ነው። በተኩስ መለማመጃው ቦታ ያሉ አንድ አዛውንት ይህን አቋቋም ካሳዩኝ በኋላ ብረቱ ክንዴን አቅፎ ተቀመጠ፣ ሕመሙም በግማሽ ያህል ቀነሰ። ችግሩ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ወይም መሬት ላይ ተኝቶ ለሚተኩስ ሰው ያንን አቋቋም መያዝ አለመቻሉ ነው።

ነሐሴ ላይ ሁለተኛ ጠመንጃ ገዛሁ። ጥይቱ ያው 30-30፣ ክብደቱም እንደ መጀመሪያው 3.2 ኪሎ ገደማ ስለሆነ በስሌት ሁለቱም ወደ ኋላ የሚመልሱት ጉልበት ከ15 ጁል ብዙ አይርቅም። የተለየው ሰደፉ ነው፤ የእጅ መጨበጫ ጉብታ አለው፣ ጫፉም ሰፊ፣ ጠፍጣፋና በጎማ የተሸፈነ ነው። ሌላው የአሜሪካ ጠመንጃ ሠሪ ማርሊን እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው 336 የተባለው ሞዴል ያስለመደው ቅርጽ ነው። የጠመኔውን ሙከራ ስደግመው ጃኬቱ ላይ የቀረው እንደ መዳፌ የረዘመ አንድ ወጥ ምልክት ነበር። በዚያ ቀን 60 ጥይት ተኩሼ ማታ ልጄን ታቅፌ ደረጃ ወጣሁ።

ጎማው ጉልበቱን አያጠፋውም፤ ቀስ ብሎ እየታመቀ ምቱን በረዘመ ጊዜ ውስጥ ስለሚያካፍለው ነው የሚለዝበው። ስፋቱ ግን ከልስላሴው ይበልጣል የሚል እምነት አለኝ፤ ጎማውን አውጥቼ በዚያው ልክ በተቆረጠ ጠፍጣፋ እንጨት ስሞክረው ምቱ ደረቅ ቢሆንም አላበለዘኝም። ጎማው የራሱ ጉድለት አለው፤ ጠመንጃውን በፍጥነት ወደ ትከሻ ሲያነሱት ጃኬት ላይ ተጣብቆ ይይዛል። ዳርና ዳሩን በስስ ቆዳ ከሸፈንሁት በኋላ መያዙን ተወ።

ከትከሻ ቀጥሎ የሚጎዳው ጉንጭ ነው፣ እዚህም ቅርጹ ወሳኝ ነው። ምቱ የሚመጣው በአፈሙዙ መስመር ቀጥታ ወደ ኋላ ሲሆን፣ ትከሻችን ግን ከዚያ መስመር ዝቅ ብሎ ነው የሚቀበለው፤ ስለዚህ ጠመንጃው ወደ ኋላ ከመምጣቱ ጋር አፈሙዙን ወደ ላይ ያነሳል፣ ሰደፉም ወደ ጉንጭ ይሽከረከራል። ሰደፉ ከአፈሙዙ መስመር ብዙ ባዘቀዘቀ ቁጥር ይህ መሽከርከር ይብሳል። የመጀመሪያው ጠመንጃዬ ሰደፍ ጫፉ ላይ በ7.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲል የሁለተኛው በ5 ብቻ ነው። በመጀመሪያው ላይ የማነጣጠሪያ መነጽር ገጥሜ ያሳለፍሁት አንድ ወር ከሁሉም የከፋው ነበር፤ የሰደፉ ጀርባ የተሠራው በብረቱ ማነጣጠሪያ ለማየት በሚመች ዝቅታ ስለሆነ፣ በመነጽሩ ለማየት ጉንጬን ከእንጨቱ ማንሳት ነበረብኝ፤ ያልተደገፈ ጉንጭ ደግሞ የሚመጣውን እንጨት በአጥንቱ ይቀበላል። መነጽሩን አነሳሁት። ማንሳት የማይፈልግ ሰው ሰደፉ ላይ የሚታሰር ከፍ ያለ የቆዳ ጉንጭ ማረፊያ ይግዛ።

ቀጥ ያለው ሰደፍ የሚበልጥበትም አለ። ማንሻውን ቶሎ ቶሎ ሲያንቀሳቅሱ እጅ ያለ እንቅፋት ይሄዳል፣ ተሸክሞ ጫካ ውስጥ ለመሄድም ቀላል ነው። ነገር ግን ሲተኮስ እጅን ወደ ኋላ ስቦ የሚይዝ ጉብታ ስለሌለው የማንሻው ብረት የመሃል ጣቴን ጀርባ ይመታው ነበር፤ ብረቱን በቆዳ ገመድ ጠምጥሜ ገላገልሁት።

ርዝመት ሳይነሳ አይታለፍም። ከምላጩ እስከ ሰደፉ መጨረሻ ሁለቱም 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ናቸው፤ በበጋ በሸሚዝ ልክ የሆነው ይህ ርዝመት ኅዳር ላይ በወፍራም ካፖርት ሦስት ሴንቲ ሜትር የጨመረ ያህል ተሰማኝ፣ የሰደፉም ታችኛ ጥግ ብብቴ ላይ ይይዝ ጀመር። ቀጠን ያለ ጎማ በመግጠም አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ቀነስሁለት። እጅግ ማሳጠር ግን ሌላ መዘዝ አለው፤ የቀኝ እጅ አውራ ጣት አፍንጫን ይመታል።

አንድ ጓደኛዬ 45-70 የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ፣ በዚህ ወገን ካሉት ከባዶቹ የሚመደብ ጠመንጃ አለው። የምቱ ጉልበት ከ30-30 እጥፍ ያህል ነው፤ ሰደፉ ግን ሰፊና ብዙ የማያዘቀዝቅ ነው። ሦስት ጥይት ተኮስሁበት፤ ወደ ኋላ ገፋኝ እንጂ አልወጋኝም። ያንን ጥይት በማጭድ ቅርጽ ሰደፍ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ መተኮስን ለማንም አልመክርም።

ዛሬ ለአደን የምይዘው ሁለተኛውን ነው፤ የመጀመሪያውን ግን አልሸጥሁትም፣ ቆሜ ለምተኩስበት ቀን አስቀምጬዋለሁ። ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሱቅ ሲሄድ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይኑም በጣቱም ካረጋገጠ በኋላ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ያዙር፤ የሚያድንበትን ካፖርት እንደለበሰ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ትከሻው ያንሳው፣ ጉንጩን ያሳርፍና ዓይኑን ይክፈት። ማነጣጠሪያው አንገቱን ሳያንቀሳቅስ ፊት ለፊቱ ከተገኘ ሰደፉ ለእሱ አካል የተሠራ ነው፤ ጉንጩን ማንሳት ወይም አገጩን መጫን ካስፈለገው ቀጣዩን ያስወርድ።