የቁጥር መተንተኛ መተግበሪያ በ4,294,967,297 ሲፈተን

አንድ ሙሉ ቁጥር ሲጻፍለት አካፋዮቹን፣ የአሃዞቹን ድምርና ሌሎች ባሕርያቱን የሚዘረዝር የስልክ መተግበሪያ ሰሞኑን ሞክሬ ነበር። እንዲህ ያለውን መሣሪያ በ12 ወይም በ100 መፈተን ስለማይረባ፣ 2³² ላይ 1 ሲደመር የሚገኘውን 4,294,967,297ን መረጥሁ። ምርጫዬ ተንኰል አለበት። ቁጥርን በ32 ቢት (በ32 የዜሮና የአንድ ቦታዎች) ብቻ የሚይዝ ፕሮግራም ይህንን 1 ብሎ ያነበዋል፤ ብቸኛ ቁጥርነትን፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው መሆኑን፣ 2ን መሠረት ባደረገው የፌርማ ፈተና (2 ከቁጥሩ በ1 ባነሰ ርቢ ከፍ ብሎ ለቁጥሩ ሲካፈል 1 ይተርፍ እንደሆነ በሚያየው) ብቻ የሚያጣራም፣ ቁጥሩ ፈተናውን ስለሚያልፍ፣ ብቸኛ ነው ብሎ ይሳሳታል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ ራሱም፣ 2¹ + 1፣ 2² + 1፣ 2⁴ + 1 እያለ ርቢው በእጥፍ በሚያድገው ተከታታይ ከዚህ በፊት ያሉት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ብቸኛ በመሆናቸው ይህም እንደዚያው ነው ብሎ አምኖ ነበር፤ ቁጥሩ ለ641 እንደሚካፈል የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1732 ነው።

መተግበሪያው በሁለቱም ወጥመድ አልተያዘም። ቁጥሩ የ641 እና የ6,700,417 ብዜት መሆኑን፣ አራት አካፋዮች እንዳሉትና ድምራቸው 4,301,668,356 መሆኑን ወዲያው ነገረኝ። ከቁጥሩ ያነሱና ከእርሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸውን ቁጥሮች 4,288,266,240 ናቸው ያለውንም 640ን በ6,700,416 በእጄ አባዝቼ አመሳክሬያለሁ፤ ትክክል ነው። የአሃዞቹ ድምር 59 መሆኑን ከላይ በትልቁ ማስፈሩ ግን አልጣመኝም፤ ይህ ስለ ቁጥሩ ሳይሆን በአሥር ስለ መቁጠር ልማዳችን የሚናገር ነው። የቁጥሩ እውነተኛ መልክ በባይናሪ፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ፣ ሲጻፍ የሚታየው፣ በሁለት አንዶች መካከል የተሰለፉት 31 ዜሮዎች ሲሆኑ፣ እነርሱ ከታች ተወሽቀዋል።

ዋናው ቅሬታዬ ሌላ ነው። ቁጥሩ የሁለት ስኩዌሮች ድምር መሆኑን ሲገልጽ 65,536² + 1²ን ብቻ ያሳያል፤ 62,264² + 20,449²ም ያንኑ እንደሚሰጥ አይናገርም። እንደዚህ ቁጥር ለ4 ሲካፈል 1 የሚተርፈው ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር በሁለት ስኩዌሮች ድምር የሚጻፈው በአንድ መንገድ ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ሁለተኛው አጻጻፍ አንድም አካፋይ ሳይጠራ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን ያረጋግጥ ነበር።

641ም ከየት እንደመጣ አልተብራራም። 641 በአንድ በኩል 5 × 2⁷ + 1፣ በሌላ በኩል 625 + 16 ነው። ከመጀመሪያው እንደሚታየው 5 × 2⁷ ለ641 ሲካፈል ቀሪው −1 ነው (ለመካፈል 1 ይጎድለዋል)፤ ወደ አራተኛ ርቢ ከፍ ሲል 625 × 2²⁸ ቀሪው 1 ይሆናል። በሁለተኛው መሠረት 625ን በ−16 ብንተካው −2³² ቀሪው 1 ነው፤ ስለዚህ 2³² + 1 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ለዚህ ሁለት መስመር ይበቃው ነበር፤ መተግበሪያው ግን ያንን ቦታ የሰጠው ቁጥሩን «አራት ቢሊዮን ሁለት መቶ ዘጠና አራት ሚሊዮን…» እያለ በፊደል ለመጻፍ ነው።