«ስኮላርሺፑ ዋስትና አለው» ካሏችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ላላችሁ፣ ልጆቻችሁ 11ኛና 12ኛ ክፍል ለደረሱ ወላጆች ነው የምጽፈው። እኔ ተበልቻለሁ። እናንተ እንዳትበሉ።

ባለፈው ሰመር ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ የኤስኤቲ፣ ማለትም የኮሌጅ መግቢያ ፈተና፣ ማስጠኛ ወላጆችን ስብሰባ ጠራ። ሰውዬው የአገሬ ሰው ነው፣ ሁሉንም በአማርኛ ነው ያስረዳን፣ እውነቱን ለመናገር ልቤን የጣልኩበትም በዚህ ነው። «ልጅሽ 1400 ካመጣች የትኛውም ኮሌጅ ሙሉ ስኮላርሺፕ ይሰጣታል። ውጤቷ 100 ነጥብ ካልጨመረ ደግሞ ብርሽን እንመልሳለን» አለኝ። 2,900 ዶላር ከፈልኩ። ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ነበር።

መጀመሪያ ዋስትናው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ጭማሪው የሚለካው እነሱ ራሳቸው ባዘጋጁት የመነሻ ፈተና ነው። ልጄ በእነሱ ፈተና 1080 አመጣች። በዚያው ሳምንት ቤት ቁጭ ብላ ብሉቡክ በሚባለው የኤስኤቲ አዘጋጆች መተግበሪያ ላይ ስትሞክር ግን 1210 ነበር። እኔ ያኔ ነገሩ አልገባኝም። ዲሴምበር ላይ እውነተኛውን ፈተና ወስዳ 1230 ስታመጣ «150 ጨምራለች፣ ዋስትናችንን ተወጥተናል» አሉኝ። የጨመረችው 20 ነው። ውሉን እንደገና ሳነበው ደግሞ ነጥቡ ባይጨምር እንኳ የሚመለስ ብር የለም፤ ኮርሱን በነጻ መድገም ነው የሚለው።

ከብሩ ይበልጥ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ቀኑ ነው። «የዲሴምበሩ ውጤት ሳይመጣ የትም እንዳታመለክት» አሉን፣ እኛም እሺ ብለን ጠበቅን። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ለሜሪት ስኮላርሺፕ፣ በተማሪው ጉብዝና ለሚሰጠው ማለት ነው፣ በደንብ ለመታየት እስከ ኖቬምበር 1 አመልክቱ ይላል። የልጄ ተራ በነበረበት ዓመት የኤስኤቲ ውጤት ማስገባት ግዴታ አልነበረም፤ ጂፒኤዋ፣ የትምህርት ቤት አማካይ ውጤቷ፣ 3.9 ነው፣ ያለ ምንም ውጤት በጊዜ ማመልከት ትችል ነበር። ይህን የነገረችኝ የትምህርት ቤቷ ካውንስለር ናት፣ በነጻ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ። ቀድሜ ሄጄ ብጠይቃት ኖሮ!

«የትኛውም ኮሌጅ» የሚለውም ውሸት ነው። ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን ከፍተኛውን ነጥብ 1600 ላመጣም ቢሆን ሜሪት ስኮላርሺፕ የላቸውም፤ የሚረዱት የቤተሰቡን ገቢ አይተው ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፎች ለመግቢያም ለስኮላርሺፕም የኤስኤቲ ውጤት ጭራሽ አያዩም። በሌላ በኩል እንደ አላባማ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ደግሞ ጂፒኤና የፈተና ውጤትን አጣምረው ስንት ብር እንደሚያሰጥ በሰንጠረዥ ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። እንዲህ ያለ ቦታ ጥቂት ነጥብ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ልዩነት ሊያመጣ ይችላል፣ ስለዚህ ፈተናው ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ዋጋ ያለው የት እንደሆነ ከኮሌጁ ከራሱ እወቁ። በተለያየ ቀን ከተወሰዱ ፈተናዎች የእያንዳንዱን ክፍል ምርጥ ውጤት ወስደው ደምረው የሚቆጥሩ አሉ፣ የማይደምሩም አሉ። ስኮላርሺፑ በየዓመቱ እንዲቀጥል ስንት ጂፒኤ እንደሚፈልግም አብራችሁ ጠይቁ።

ለመለማመጃ ብር አታውጡ። ብሉቡክ ላይ ሙሉ ፈተናዎች አሉ፣ ካን አካዳሚ ላይ ትምህርቱ አለ፣ ሁለቱም በነጻ። ልጃችሁ ትምህርት ቤት ነጻ ወይም የቅናሽ ምሳ ተጠቃሚ ከሆነ ኤስኤቲን ሁለት ጊዜ ሳይከፍል መፈተን ይችላል፤ ካውንስለሩን ጠይቁ። ፋፍሳ የሚባለው የመንግሥት የኮሌጅ ገንዘብ እርዳታ ማመልከቻም በነጻ ነው የሚሞላው። እኔ ለእሱም 150 ዶላር ተጠይቄ ነበር።

የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ኤፍቲሲ የሚባለው፣ ስኮላርሺፕ በዋስትና እናስገኛለን የሚሉትን ተጠንቀቁ ብሎ ለሕዝብ ያስጠነቅቃል፤ አቤቱታም በድረ ገጹ ይቀበላል። እኔ አስገብቻለሁ። የከፈልኩት በካርድ ስለሆነ ባንኬ ጋም ደውዬ ክፍያውን ተቃውሜያለሁ፣ መልስ እየጠበቅኩ ነው። እናንተም ከፍላችሁ ከሆነ ሳትዘገዩ ደውሉ፣ የተጻጻፋችሁትን መልእክትና ውሉን አታጥፉ።

ታናሽዋ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ናት። ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ወስጃት ብሉቡክ ላይ የመጀመሪያ ፈተናዋን ሠርታለች። ማቀዝቀዣው ላይ ደግሞ ኖቬምበር 1ን በቀይ ጽፈን ለጥፈናል።