«በኦሻ የጸደቀ» የሚባል የሪጊንግ ደህንነት ሰነድ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቆይ በሉ

ይህን የምጽፈው በሂዩስተንና በአካባቢው በማሽን ተከላ ሥራ ለተሰማራችሁ ወገኖች ነው። ለማያውቀው፦ ኦሻ የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ቦታ ደህንነት መሥሪያ ቤት ነው፤ ሪጊንግ ደግሞ ከባድ ዕቃን በማንጠልጠያ አስሮ በክሬን ማንሣት ነው፣ ይህን የሚሠራው ሰው ሪገር ይባላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ እኔ ገንዘቤን ከከፈልኩ በኋላ ነው የምጮኸው። እናንተ ግን ገና አልከፈላችሁ ይሆናል።

ኩባንያችን ትንሽ ነው፤ እኔ፣ የአጎቴ ልጅና ስድስት ሠራተኞች። ጄኔሬተር፣ ፓምፕ፣ የማቀዝቀዣ ማሽን በክሬን እያነሣን ቦታው ላይ እናስቀምጣለን። ባለፈው ዓመት ከአንድ የኬሚካል ፋብሪካ የመጀመሪያውን ትልቅ ሥራ ልናገኝ ስንል «መጀመሪያ የተቋራጭ ቅድመ ብቃት ግምገማውን እለፉ» ተባልን። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ተቋራጭን በራቸው ከማስገባታቸው በፊት እንደ አይኤስኔትወርልድና አቬታ ባሉ ድርጅቶች በኩል ያጣራሉ። የመድን ወረቀትና የሠራተኛ ጉዳት መዝገብ ይጠየቃል፤ ከዚያም ለየአደገኛው ሥራ በጽሑፍ የተዘጋጀ የደህንነት መመሪያ። ዕቃ የምናነሣ ስለሆንን የሪጊንግ መመሪያ አምጡ አሉን። የቀረን ዘጠኝ ቀን ነበር።

በኢንተርኔት የሚሸጥ አንድ ድርጅት አገኘሁ፤ ስሙን አልጠራም። «በኦሻ የጸደቀ፣ በ24 ሰዓት የሚደርስ፣ ማለፉ የተረጋገጠ» ይላል። 1,180 ዶላር ከፈልኩ። በማግስቱ 46 ገጽ ሰነድ መጣልኝ፤ ሽፋኑ ላይ የኩባንያችን አርማ በወርቃማ ቀለም ተንቆጥቁጧል። ሳላነብ ፈርሜ ላክሁት። አለፈ። ያን ቀን ማታ ቤታችን ቡና ተፈልቶ ተመራረቅን።

እንግዲህ ያኔ የማላውቀውን ልንገራችሁ። ኦሻ የየትኛውንም ድርጅት የደህንነት ሰነድ አያጸድቅም። ደንብ ያወጣል፣ ይፈትሻል፣ ይቀጣል፤ በሰነድ ሻጭ ሥራ ላይ ግን ማኅተም አያሳርፍም። «በኦሻ የጸደቀ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ሻጩ ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ እናንተን አታውቁም ብሎ ንቋችኋል። «አለፈ» ማለትም የሚፈለጉት ቃላት ሰነዱ ውስጥ ተገኙ ማለት ነው እንጂ፣ ሰነዱ የእናንተን ሥራ ይመስላል ማለት አይደለም።

ሦስት ወር እንደሠራን የፋብሪካው የደህንነት ኃላፊ ያንኑ ሰነድ አትሞ ይዞ መጣ። ረጋ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ገጽ 12ን ገልጦ «ሁሉም ማንጠልጠያ ቀበቶ በየወሩ ተፈትሾ ውጤቱ ይመዘገባል ብላችኋል፤ መዝገቡን አሳየኝ» አለኝ። መዝገብ የለንም። የኮንስትራክሽኑ ደንብ የሚጠይቀው ቀበቶው በየፈረቃው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት እንዲፈተሽ ነው፤ ወርሃዊውን መዝገብ ሻጩ ከራሱ ጨምሮበታል። ማንም ያላስገደደኝን ግዴታ በራሴ ፊርማ ተሸክሜ ነበር ማለት ነው። ገጽ 31 ላይ ደግሞ ስለ ባሕር ላይ ክሬን አሠራር ሁለት አንቀጽ አለ፤ በመካከሉም የሌላ ኩባንያ ስም ሳይሰረዝ ቀርቷል። እኛ ባሕር ያየነው ጋልቬስተን ለመዝናናት ስንሄድ ነው።

ከዚያ ወደ መኪናችን ሄዶ አንድ ቢጫ ማንጠልጠያ ቀበቶ አወጣ። የአቅም መለያው ተቀድዶ ወድቋል። ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰውና ለእኔም አስዳሰሰኝ፤ ክሩ በሙቀት ቀልጦ እንደ ብርጭቆ ጠንክሯል። «ገጽ 19 ላይ እንዲህ ያለው ከሥራ ይውጣ ብላችሁ ጽፋችኋል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በደንቡም ያው ነው። ይህ ጥፋት የሻጩ አልነበረም፤ የእኛው ነው። ግን ሰነዱን አንብበነው ቢሆን ያ ቀበቶ በዚያ መኪና ውስጥ አይገኝም ነበር። «ከእናንተ መካከል ብቁ ሪገር የተባለው ማነው?» ብሎ ሠራተኞቹን ሲጠይቅም ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሰነዱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከልጆቹ ሦስቱ የሚያነቡት አማርኛ፣ ሁለቱ ስፓኒሽ ነው። የደህንነት ሥልጠና ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ መሰጠት እንዳለበት ኦሻ በ2010 በግልጽ አሳውቋል። ሥራው አራት ቀን ቆመ። ክሬኑ የኪራይ ነበር፤ የአራቱን ቀን ሒሳብ ለራሳችሁ ገምቱት።

ሻጩ ጋ ደወልኩ፤ አንዲት ሴት አነሣች። ሰነዱ ስለተቆለፈ እኛ ማረም አንችልም፤ ለእያንዳንዱ ማስተካከያ 240 ዶላር። በየዓመቱም «ማደሻ» ተብሎ 390 ዶላር ከካርዴ በራሱ ይቆረጣል፤ ይህ በውሉ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ሴትዮዋ አክላ ለሠራተኞቼ በ95 ዶላር የኢንተርኔት «የብቁ ሪገር ካርድ» ልትሸጥልኝ ሞከረች። ደንቡ ካርድ አያስገድድም፤ ሰውየው በትምህርት ወይም በልምድ ለዚያ ሥራ ብቁ መሆኑን የሚወስነው አሠሪው ነው፣ ሲሳሳትም የሚጠየቀው እሱ ነው። ገንዘቤን መልሱ ስላት «ቃል የገባነው እንድታልፉ ነው፤ አልፋችኋል» አለችኝ። ከሁሉ ያንገበገበኝ፣ በቃሏ ከሄድን ትክክል መሆኗ ነው።

መመሪያውን በሁለት ቅዳሜና እሁድ ራሳችን እንደገና ጻፍነው፤ 11 ገጽ ሆነ። ደንቦቹ በኦሻ ድረ ገጽ በነጻ ይገኛሉ። ለኮንስትራክሽን የደንብ ቁጥር 1926.251ንና የክሬኑን ክፍል፣ በፋብሪካ ውስጥ ለሚሠራ ደግሞ 1910.184ን አንብቡ። እዚህ ቴክሳስ ኦሽኮን የሚባል የመንግሥት የምክር አገልግሎት ለትንንሽ ድርጅቶች በነጻ ባለሙያ ይልካል፤ ያገኙትን ከባድ አደጋ በጊዜው እስካስተካከላችሁ ድረስ ቅጣት የለበትም። ተመሳሳይ አገልግሎት በሌሎች ግዛቶችም አለ። እኛ ፈርተን ዘግይተን ነው የጠራናቸው። በከንቱ ነበር የፈራነው።

የተገዛው ሰነድ ስለ ማንጠልጠያ ማዕዘን የሚለው «ከግምት ውስጥ ይግባ» ብቻ ነበር። ልጆቹ የሚያስፈልጋቸው ግን ቁጥሩ ነው። 2,000 ፓውንድ የሚመዝን ዕቃ በሁለት ቀበቶ ሲነሣ፣ ቀበቶዎቹ ከአግድሙ 60 ዲግሪ ከሆኑ እያንዳንዱ 1,155 ፓውንድ ገደማ ይሸከማል። ወደ 30 ዲግሪ ከተንጋደዱ እያንዳንዱ 2,000 ይሸከማል። ዕቃው ያው ነው፣ የቀበቶው ጭነት ግን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ሆነ። ይህን በአማርኛና በስፓኒሽ ጽፈን መኪናው በር ላይ ለጠፍነው።

ጊዜ አጥሯችሁ ለመግዛት ከተገደዳችሁም፣ ሰነዱ ሊታረም በሚችል ፋይል እንደሚሰጣችሁ በጽሑፍ አስፍሩ። ካርዳችሁ ላይ በራሱ የሚታደስ ክፍያ እንዳለ ጠይቁ። በሰነዱ ውስጥ «እናደርጋለን» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ አስምሩበትና የማታደርጉትን ሰርዙ፤ የፋብሪካው ሰው መጥቶ አሳዩኝ የሚላችሁ እሱን ነውና። ከመክፈላችሁ በፊት ናሙና አስልኩ፤ ናሙናው ሲደርሳችሁም መጀመሪያ «የባሕር ላይ ክሬን» የሚለውን ፈልጉ። ካገኛችሁት የእኔን ሰነድ ነው ሊሸጡላችሁ ያሉት።