የአያቴ መታሰቢያ መጽሐፍ፦ ስላዘጋጀልን አገልግሎት የተሰጠ አስተያየት

አያቴ አዋላጅ ነርስ ነበሩ። ካረፉ በኋላ ፎቶግራፎቻቸውን፣ የእጅ ጽሑፎቻቸውንና በስልክ የቀዳነውን ድምፃቸውን ሰብስበን የመታሰቢያ መጽሐፍ አሰናድቶ ለሚያትም ድርጅት አስረከብን። መጽሐፉ እጃችን ከገባ ወራት ስላለፉና እኔም ደጋግሜ ስላነበብኩት፣ ተመሳሳይ አገልግሎት ለሚፈልግ ቤተሰብ ይጠቅማል በሚል ያየሁትን እጽፋለሁ።

የኅትመት ሥራቸው ምስጋና ይገባዋል። ትናንሾቹን ፎቶዎች በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ጥራት ስካን ስላደረጓቸው፣ ከመዳፍ ያነሰው ምስል ሙሉ ገጽ ሲሞላ እንኳ አልደበዘዘም። ወረቀቱም ከአሲድ የነጻ ነው፤ አሲድ ያለበት ወረቀት ከጊዜ ብዛት ቢጫ እየሆነ ስለሚሰባበር፣ ለልጅ ልጅ እንዲተላለፍ ለታሰበ መጽሐፍ ይህ ሊታለፍ የማይገባው ጉዳይ ነው።

ያሳዘነኝ የመጀመሪያው ረቂቅ ነው። ድርጅቱ ለሁሉም ሰው የሚጠቀምበት አስቀድሞ የተዘጋጀ ቅርጽ አለው፤ «የቤተሰብ ሕይወት» የሚለው ምዕራፍ ይቀድማል፣ «የሥራ ሕይወት» የሚለው ይከተላል። በዚህ አከፋፈል አያቴ በአንዱ ምዕራፍ የልጅ ልጆቻቸውን ያቀፉ ባልቴት፣ በሌላው ነጭ ጋውን የለበሱ ባለሙያ ሆነው ቀረቡ። እኛ የምናውቃቸው አያታችን ግን እንዲህ ለሁለት የተከፈሉ አልነበሩም። ከሌሊት ተረኝነት ሲመለሱ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሳይታጠቡ ማናችንንም አይነኩም ነበር፤ ሳሙናውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን አድርቀው እስኪዘረጉልኝ ድረስ በር ላይ ቆሜ የጠበቅኋቸው ንጋቶች ከልጅነቴ ሁሉ ጎልተው ይታወሱኛል። ይህን ትዝታ በየትኛው ምዕራፍ እንደሚያስገቡት አዘጋጁን ስጠይቃቸው ዝም አሉ፤ ከዚያም ሁለቱን ምዕራፎች አንድ አድርገው በዘመን ቅደም ተከተል እንደገና ለመጻፍ ተስማሙ።

ሌላም ስሕተት ነበር። በአንድ ፎቶ ላይ ከአያቴ አጠገብ የእንጨት ቀንድ የሚመስል ነገር ይታያል፤ ዲዛይነሩ ምንነቱን ስላላወቁ ቆርጠው አወጡት። ዕቃው ፈረንሳዊው ሐኪም አዶልፍ ፒናር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሠሩት የፅንስ የልብ ምት ማዳመጫ ነው። ሰፊው አፉ በነፍሰ ጡሯ ሆድ ላይ ያርፋል፣ አዋላጇ በሌላኛው ጫፍ ጆሮዋን ትደግናለች፤ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ የሚመታው የፅንሱ ልብ ያለ ኤሌክትሪክ ይሰማል። እናቴ ታናሽ እህቴን ባረገዘች ጊዜ አያቴ በዚያው ማዳመጫ ለረጅም ጊዜ አዳምጠው፣ ቀጥሎ የእኔን ጆሮ አስጠግተው አሰምተውኛል። ይህን ስንነግራቸው ፎቶውን እንደነበረው መለሱት፤ ታሪኩንም ከጎኑ ጻፉልን።

ከሁሉ በላይ ያከበርኩላቸው ግን እኛ ሳናስበው ያደረጉትን ጥንቃቄ ነው። በአያቴ የሥራ ማስታወሻ ውስጥ የወላዶች ስም፣ የወሊድ ሰዓትና የየጨቅላው የአፕጋር ውጤት (ሕፃኑ እንደተወለደ ስለ ጤንነቱ ሁኔታ የሚሰጠው ነጥብ) ሰፍሮ ነበር። እኛ የእጅ ጽሑፋቸውን ለማሳየት ብለን ገጾቹ እንዳሉ እንዲታተሙ ጠየቅን፤ አዘጋጁ ግን የእናቶቹ ስም እንዲሸፈን አጥብቀው መከሩን። ትክክል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1893 የተዘጋጀው የናይቲንጌል ቃል ኪዳን ነርስ በሥራዋ ያወቀችውን የሰው ገመና በምስጢር እንድትይዝ ያስገባታል፤ አያቴም በዚህ ቃል ኖረዋል። መንገድ ላይ ልጅ ያዘለች ሴት አቅፋ ስትስማቸው ማን እንደሆነች ብንጠይቃቸው «የማውቃት ልጅ ናት» ከማለት በቀር አንድ ቃል አይጨምሩም ነበር።

ድምፃቸውን በኪውአር ኮድ ማስገባታቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ቀረጻውን ሲያጠሩት በንግግራቸው መካከል የነበሩትን የትንፋሽ ፋታዎች ስለቆረጡ የሚጣደፉ ሰው አስመሰሏቸው። እሳቸው ቀስ ብለው ነበር የሚናገሩት። ዋናው ቀረጻ እንዲመለስ ጠይቀን ተመልሷል፤ ሌላ ቤተሰብም ከመጀመሪያው ይህን ቢያሳስብ ይበጃል።

እርማቶቹ ጊዜ ወስደዋል፤ አዘጋጁ ግን አንድም ጊዜ አልተሰላቹብንም። አሁን ለአክስቶቼ ተጨማሪ ቅጂዎች አዝዣለሁ፤ በእነዚህኛዎቹ ሽፋን ላይ የሚወጣው የእንጨቱ ማዳመጫ ያለበት ፎቶ ነው።