እንጨት ወይስ ኤሌክትሪክ? የእንጀራ ንግድ በከተማዋ ዳርቻ

በአዲስ አበባ ዳርቻ ባለው ቱሉ ዲምቱ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች የሚያቀርቡ ሁለት ጎረቤታሞች አሉ። አንደኛዋ በሦስት ጉልቻ ላይ በባሕር ዛፍ እንጨት ይጋግራሉ፤ ሌላዋ በኤሌክትሪክ ምጣድ። የሁለቱንም በልቻለሁ፤ በጣዕም አላበላልጥም። ልዩነቱ ወጪና ጤና ላይ ነው።

እንጨት የሚመረጠው መብራት ሲጠፋ ሥራ ስለማያስቆምና ምጣዱም ርካሽ ስለሆነ ነው። ይህን አልክድም። ነገር ግን በጉልቻ እሳት አብዛኛው ሙቀት ምጣዱን ሳይነካ በጎን ያመልጣል፤ ነጋዴዋ የከፈሉበት እንጨት ግድግዳ ያሞቃል ማለት ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ እንጨቱ ይረጥባል፣ ዋጋውም ይንራል። አንድ ማለዳ ጋጋሪዋ አክንባሎውን ሲያነሱ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ሊጡ ዓይን እስኪያወጣ ድረስ እንኳ ጭሱ ፋታ አልሰጣቸውም። በእንዲህ ያለ ጭስ ውስጥ ሠራተኛ አይሰነብትም፤ አዲስ ሰው ማለማመድ ደግሞ ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል፤ ብዙ ነው። ሆኖም የአገራችን ኃይል በአብዛኛው ከውኃ ግድብ የሚመነጭ ነው፤ ቤቱም ከጭስና ከጥላሸት ይድናል። ምጣዱ ሳይቀዘቅዝ አከታትሎ መጋገር ሂሳቡን ያቀልላል።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚሠራ ሰው ምክሬ ኤሌክትሪኩን ዋና አድርጎ፣ ለክፉ ቀን «ምርጥ» የተባለውን በሲሚንቶ የሚሠራ ምድጃ ማስቀመጥ ነው፤ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጨቱን ፍጆታ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።